ቆጠራው ሞልቷል

ጥር 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ ታግኝዎ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት እንዲህ ከሆነ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የቤቱን ደረጃ አሁንም እየቆጠሩ ነው የሚወጡት? እናቴ «አጎትሽ ከስቷል፣ ጨዋታም ትቷል» ትለኛለች። እኔ ስደውል ደግሞ ገና «ሃሎ» ሳልል «ይኸው እናትሽ» ብለው ስልኩን ያቀብሏታል። ስለዚህ እንደ ድሮው ልጻፍልዎ ብዬ ወረቀት ገዛሁ። ወረቀትን «ይኸው እናትሽ» ብሎ ማቀበል አይቻልም።

ወንድሜ ከሞተ ዛሬ ሁለት ወር ከአሥራ አራት ቀኑ ነው። መቁጠር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ሁለታችንን ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው በብሎንና በመፍቻ ነው ያስቆጠሩን። እሱ ቁጥሩ ሲጠፋበት ወደ ሰማይ ያይ ነበር። እኔ ግን እቆጥር ነበር።

አንድ የምናዘዝልዎ ነገር አለኝ። ለቀብሩ ያልመጣሁት ሆስፒታሉ ፈቃድ ስለከለከለኝ ነው ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ውሸት ነው። አለቃዬ «ዛሬውኑ ሂጂ» ብላኝ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። በማግስቱ ግን አንድ ሰው የሬዲዮውን ዜና ቀድቶ ላከልኝ፤ አስተማሪ አብራሪው ከተፈቀደለት ከፍታ በታች ወርዶ ትርዒት ሲያሳይ የማሠልጠኛው አውሮፕላን ተከሰከሰ፣ ሠልጣኙም አብሮት ሞተ ይላል። ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁት። የሠልጣኙ እናት ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ናት። «ወንድምሽ ልጄን ለምን ገደለብኝ?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? በገዛ ወንድሜ አፈርኩ፣ አጎቴ። ቀብሩን ያህል ነገር በእፍረት ቀረሁ።

ከዚያ የመርማሪ ቡድኑ ሪፖርት ወጣ። እናቴ የመጨረሻውን ገጽ ልካልኛለች። አምስት ፊርማ አለበት፤ አምስተኛው የእርስዎ ነው። ያችን መንጠቆ የምትመስል ፊርማዎን ሳይ የቀረችኝ ጥርጣሬ ሄደች። ሌላው ቢዋሽ የአየር ምድቡ ሰው ሁሉ አባ ቆጠራ የሚልዎ እርስዎ አይዋሹም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ በወረደ ቀን ሃንጋሩ በር ላይ አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ አለ፤ ቅጂውን ይላኩልኝ። እናቴን አደራ፣ ራስዎንም አደራ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 19 ቀን

ለልጄ፣ ለእህቴ ልጅ፣

በያለሽበት የአምላክ ጥበቃ አይለይሽ፤ እጅሽ የነካው ይዳን፣ እግርሽ የረገጠው ይለምልም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል። ደረጃው ሃያ ሦስት ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የጨመረው ጉልበቴ ላይ ነው።

ለቀብሩ ስለመቅረትሽ አትጨነቂ። ከመጣው ሰው ግማሹም ለወሬ የመጣ ነበር። እናትሽ በርትታለች። አንድ ነገር ብቻ አልተዋት አለ። በአብራሪዎቹ አዳራሽ መግቢያ ላይ በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱት ሰዎች ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል፤ ልጅ ሆናችሁ ወስጄ ያሳየኋችሁ ነው። እናትሽ በየወሩ «የእሱን መቼ ነው የሚሰቅሉት?» ትለኛለች። በራሱ ጥፋት የሞተ እዚያ እንደማይሰቀል አላወቀችም። እኔም «ወረፋ አለው» እላታለሁ። እንግዲህ ለሙታንም ወረፋ አወጣሁላቸው።

የሠልጣኙ እናት ከእህቴ ጋር አትነጋገርም። እህቴ መንገድ ላይ ስታያት ወደ ማዶ ትሻገራለች። ሃያ ዓመት አንዷ የሌላዋን ልጅ ስታዝልና ስትቆጣ የኖሩ ሴቶች ናቸው።

ስለ ምርመራው እንግዲህ ምን እልሻለሁ? ሥራችንን ሠርተናል። ሰብሳቢው የምድቡ ምክትል አዛዥ ነበሩ፤ የጥገና ኃላፊው፣ የበረራ አሠልጣኞቹ አለቃ፣ የግቢያችን ሐኪምና እኔ አባላት ነበርን። ስብርባሪውን እንድመዘግብ እኔን የመረጡኝ በቆጠራ ስለማልታማ ነው። ከሃያ ስምንት ዓመት በላይ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ይዣለሁ፤ አንዲት ፒንሳ ጠፍታብኝ አታውቅም ብለው ነው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ፎቶውን ፈልጌ አጣሁት። የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ። ዐይኔም እየደከመ ነው፤ በዕቃዎቹ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጉንዳን ይመስለኛል። ቢመችሽ መነጽር ላኪልኝ፤ የሐኪሙን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ።

እርጅና የተጫጫነው አጎትሽ፣
አባ ቆጠራ


መጋቢት 10 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁን። መነጽሩ ይኸው። ሻጩ «ለወጣት ነው ለሽማግሌ?» ሲለኝ «ለኩሩ ሰው» አልኩት፤ ስለዚህ ክፈፉ ጥቁር ነው። ጉንዳኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ ያዩበታል።

እናቴ ሙሉ ሪፖርቱን ኮፒ አስደርጋ በመንገደኛ ልካልኛለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘጠነኛው ገጽ ላይ የእርስዎ ዝርዝር አለ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዕቃ። የአንድ ጫማ ክር እንኳ ጽፈዋል። የወንድሜ ጫማ መሆኑን ያወቅሁት ክሩን ሁልጊዜ ሁለቴ ስለሚቋጥር ነው። እርስዎም «ሁለት ቋጠሮ ያለው» ብለዋል። እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዘግቼ ውኃ ጠጣሁ።

አጎቴ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ከነከነኝ። ጥገናው ላይ ጥፋት ቢኖር ኖሮ የሚናገረው ማን ነበር? የጥገና ኃላፊው። ሥልጠናው ላይ ቢኖርስ? የአሠልጣኞቹ አለቃ። አዛዦቹ ቢያጠፉ ደግሞ ምክትል አዛዡ። ሁሉም ለየራሱ ወንበር ነበረው፤ ወንበር ያልነበረው ወንድሜ ብቻ ነው። ከእናንተ ግቢ ውጭ የሆነ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ገበታ የማይቀርብ፣ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም? እኔ በምሠራበት የቀዶ ሕክምና ክፍል በሽተኛ ሲጎዳ የሚመረምሩት ከሌላ ከተማ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የእኛን ዶክተሮች ስም እንኳ አያውቁም፤ «አንተ» «አንቺ» እያሉ ሲያፋጥጡን ደማችን ይፈላል። ግን ፈልቶም ቢሆን ይሻላል።

ስለ ጥገናው የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «መዝገቡ የተሟላ ነው» ይላል። ስለ ሞተሩ ሦስት ገጽ፣ ስለ ወንድሜ አሥራ አንድ ገጽ። የእርስዎ ፊርማ ባይኖርበት ኖሮ ጭራሽ አላምነውም ነበር። እንደዚህ ጽፌ ስላስቸገርኩዎ ይቅር ይበሉኝ። የልቤን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ፎቶውን እባክዎ ደግመው ይፈልጉት፤ አሁን መነጽር አለዎት።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መነጽሩ ልክ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ከእንግዲህ ደብዳቤ በሥራ ቤቴ አድራሻ አትላኪ። ያለፈው ተከፍቶ ነው የደረሰኝ። ምክትል አዛዡ አስጠርተውኝ ሻይ ጋበዙኝና «የእህትህ ልጅ ብልህ ናት አሉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል በላት» አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከወጣሁ በኋላ ለምን እንደሳቅሁ ራሴን ጠየቅሁ።

ነገሩ አልፏል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወንድምሽ አይነሣም፤ አንቺም አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።

እናትሽ ፎቶ መሰቀሉን መጠየቅ ትታለች። ሰው ነግሯት ይሁን ራሷ ገብቷት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሳሎን የነበረውን የወንድምሽን ፎቶ አውርዳ ፍራሽ ሥር ከተተችው። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። እኔም እራት ስበላ ፊቴን ወደዚያ አላዞርም።

ፎቶውን አላገኘሁትም።

አጎትሽ


ግንቦት 28 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

አምላክ ዕድሜ ይጨምርልዎ። ዛሬ ምንም አልጠይቅዎም። አውቄ ይሁን ሳላውቅ አስከፍቼዎታለሁ፤ በእኔ ምክንያት ሻይ እንዲጠጡ ተጠርተዋል። ስለዚህ እኔው ስለ ራሴ ልንገርዎና ይስቁብኝ።

እኛም እንደ እርስዎ እንቆጥራለን። አንድ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት የገባው መቀስ፣ መርፌና ደም መጥረጊያ ጎዝ ሁሉ መውጣቱን አንዷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ታያለች። ከአራት ዓመት በፊት ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ቸኩሏል፤ የምታየው ልጅ ለስልክ ወጥታለች። ጎዙን ቆጥሬ ሃያ ዘጠኝ አገኘሁ። ሠላሳ መሆን ነበረበት። አንዷ ከሌላዋ ጋር ተጣብቃ ይሆናል ብዬ «ሠላሳ፣ ሞልቷል» አልኩ። እየዋሸሁ አልመሰለኝም። ራሴን ስለማምነው ብቻ ነው፤ የአባ ቆጠራ ልጅ ተሳስታ አታውቅም።

ሴትዮዋ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ይዟት ተመለሰች። በራጅ ጎዟ ታየች። ተርፋለች፣ ተመስገን። ግን ያኔ ክፍላችን ተሰብስቦ «በሽተኛዋ ራሷ ቁስሉን ነካክታው ነው» ለማለት ጫፍ ደርሶ ነበር። አልከለከልኳቸውም፣ አጎቴ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። የሌላ ከተማዎቹ መርማሪዎች መጡና እኔን ከክፍሉ አስወጥተው ወረቀቴን ብቻ አነበቡ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሲጠሩኝ አንዷ «ስንት ቆጠርሽ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። «ሃያ ዘጠኝ» አልኳት፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። ለስድስት ወር ከክፍሉ ታገድኩ። ሰዎች ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ሲያዩኝ አፍሬ ፊቴን አዞር ነበር። ሴትዮዋን ግን ሄጄ አየኋት፣ ነገርኳት። ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ይህን ለእናቴም ለወንድሜም ነግሬ አላውቅም። ሌላም አለ። እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ወንድሜ በሕመም ሞተ ነው ያልኳቸው። የማፍርበት ነገር በዝቶብኛል፤ ይኸው ለእርስዎም አካፈልኩዎ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 21 ቀን

ልጄ፣

ሰላምታውን ዛሬ ልዝለለው። የምመርቅበት አፍ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ያንቺን ከኪሴ ለአርባ ቀን አላወጣሁትም። ሃያ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ደረጃ ስወጣ ይመጣብኛል፤ ደረጃው ሃያ ሦስት መሆኑን እያወቅሁ ሃያ ዘጠኝ ላይ እደርሳለሁ።

እኛ እንዴት እንደምንቆጥር ልንገርሽ። መሣሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሚስማር አለው፤ ከሚስማሩ ሥር የዕቃው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል። ዕቃ የሚወስድ ሰው ቁጥሩ የተቀረጸባትን የናስ ታርጋ በዕቃው ቦታ ይሰቅላል። ዕቃው ሲመለስ ታርጋዋ ትወርዳለች። አንዲት ታርጋ ተሰቅላ ካደረች ዕቃው እስኪገኝ አንድም አውሮፕላን አይነሣም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእኔ ታርጋ ቁጥር አንድ ናት።

በዋዜማው ከሥራ መውጫ ላይ ሰው አንሶን ነበር። አውሮፕላኑ ጅራት ውስጥ አንዲት ማሰሪያ ላልታለች ሲሉ «እኔው አጠብቃታለሁ» ብዬ ቢጫ እጀታ ያላትን አጭሯን ካቻቢቴ ወሰድኩ። ታርጋዬን ሰቀልኩ። ማሰሪያዋን አጠበቅኋት። ክዳኑ በጣት ስለሚጠመዘዝ ካቻቢቴ አይፈልግም፤ ዘጋሁትና እጄን እየጠረግሁ ወጣሁ። ወንድምሽ በሩ ላይ ቆሟል። «ነገ በጠዋት ነው የምነሣው። አባ ቆጠራ፣ ሞላ?» አለኝ። ከሠልጣኝነቱ ጀምሮ ከመብረሩ በፊት እንዲህ ብሎ ሳይጠይቀኝ ተነሥቶ አያውቅም።

ሰሌዳውን አየሁ። ታርጋዬ ተሰቅላለች። ካቻቢቴዋ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ያለች መሰለኝ። የሌላ ሰው ታርጋ ብትሆን ሰውየውን ከቤቱ አስጠርቼ ኪሱን አራግፈው ነበር። የራሴ ስለሆነች እጄን እንኳ ኪሴ አልሰደድኩም። እኔን ማን ይቆጥረኛል? «ሞልቷል» አልኩት። መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

ጠዋት ዕቃ ለማደል ክፍሉን ስከፍት ታርጋዬን አየሁና ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ ነው። ወደ ራዲዮ ክፍሉ ስሮጥ መንገድ ላይ ሳለሁ የአደጋው ደወል ጮኸ።

በሁለተኛው ቀን ስብርባሪውን መዝግብ አሉኝ። ጅራቱ ከሌላው ተለይቶ ወድቆ ብዙም አልተቃጠለም። ካቻቢቴዋ መሪውን ከጅራቱ በሚያገናኘው ዘንግ ሥር ተሰንቅራለች። መሪው ወደ ኋላ እንዳይሳብ አድርጋዋለች ማለት ነው፤ ልጁ አፍንጫውን ቀና ሊያደርግ ሲታገል ነው የሞተው። ትርዒት አላሳየም። ቁጥሯን ያለመነጽር አነበብኩት፤ ጉንዳን ይመስለኛል ያልኩሽ ቁጥር ያን ቀን ጉንዳን አልመሰለኝም። በሁለት እጄ ጎትቼ አወጣኋትና ኪሴ ከተትኳት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት ነበር።

ከዚያ ወደ ክፍሌ ሄጄ የተቃጠለውን ጎኗን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቀልኳት። ታርጋዬን አወረድኩ። መካኒክ ሲፈልጋት «ጫፏ ተበልቷል፣ ሌላ ውሰድ» እላለሁ። በየቀኑ ትታየኛለች።

ማንም አላስገደደኝም። ሰብሳቢው ገና ከመጀመሪያው ቀን «አብራሪው ነው» ብለው ነበር፤ ሁሉም ቀለለው። የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እናገር ነበር እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ጠያቂው እኔው ነበርኩ፣ ልጄ። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና የእህቴን ልጅ ስም ሰጥቼ የራሴን ስም አተረፍኩ።

አሁን የሕግ አውጪው ምክር ቤት ለጦር አውሮፕላን አደጋ ከአየር ኃይሉ የማይታዘዙ መርማሪዎች ሾሟል። ከተማ ውስጥ ከጫማ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ተከራይተው «የምታውቁ ኑ» ብለው ጋዜጣ ላይ አውጥተዋል። በበሩ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። አልገባሁም።

አንድ ልለምንሽ። ለእናትሽ ንገሪልኝ። በስልክ ንገሪያት። እኔ ዐይኗን አይቼ አልችልም።

አጎትሽ


ነሐሴ 16 ቀን

አጎቴ፣

ዛሬ አንቱ ልልህ አልቻልኩም። ሞከርኩ፣ እጄ እንቢ አለ።

ደብዳቤህን ሆስፒታሉ ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አንዷ ልጅ «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ወንድሜ ሞተ» አልኳት። «ከወራት በፊት አልሞተም ወይ?» አለችኝ። አሁን ገና ነው የሞተው።

ለእናቴ አልነግርልህም። የአንተን ውሸት ተሸክሜ ቀብር ቀርቻለሁ፤ እውነትህን ደግሞ አልሸከምልህም። የሃያ ሦስት ደረጃ መንገድ ነው፤ ወርደህ ንገራት። ካቻቢቴዋን ይዘህ ፎቁ ላይ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ሂድ። አታጥባት፣ አትወልውላት። ከዚያ ወዲያ አትንካት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አንተ ወጊም ተወጊም ነህ፤ እንዴት እንደምትኖርበት አላውቅም። እኔም ከአንተ ብዙ አልሻልም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ወንድሜን ያማሁት እኔው ራሴ ነኝ፣ በልቤ። እሱ ከሁለታችን ማንንም ሳይጠረጥር ሞተ።

እንድምርህ አትጠይቀኝ። አልጠየቅህም፣ አውቃለሁ። እንዳትጠይቀኝ ነው የምልህ።

የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 8 ቀን

ለልጄ፣

ጤና ይስጥሽ ከማለት በላይ አልደፍርም። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በፎቶው ላይ ያለውን የራሴን ፊት ማየት ስለፈራሁ ነው።

የሆነውን በተርታ ልንገርሽ። መስከረም 8 ቀን ጠዋት ክፍሉን ከፈትኩ። ካቻቢቴዋን በወረቀት ጠቀለልኳትና በሚስማሯ ላይ ቁጥር አንድ ታርጋዬን ሰቀልኩ። መካኒኮቹ ለዕቃ ሲመጡ አንዱ አይቶ «አባ ቆጠራ፣ ያንተ ታርጋ ተሰቅላለች። ምን ወሰድክ?» አለኝ። «አንድ ካቻቢቴ» አልኩት። «የት አለች?» ሲለኝ «ከአሥር ወር በፊት ጅራት ውስጥ ረስቻት ነበር» አልኩት። ምክትል አዛዡ ደርሰው «አውርድ! ሰው ሊበር ነው» ብለው ጮኹብኝ። «ታርጋ ከተሰቀለ አይበርም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ያን ቀን አንድም አውሮፕላን አልተነሣም። በሃያ ስምንት ዓመቴ ሕጉን እንደ ሕጉ የሠራሁት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ፎቁ ላይ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተቀበለችኝ። ካቻቢቴዋን ነጭ ወረቀት ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘችኝ፤ ከዚያ እጄን እንኳ ወደዚያ እንዳልዘረጋ ከለከለችኝ። «ሲያወጧት ማን አይቷል?» አለችኝ። «ማንም።» «ታዲያ እንዴት እንመንዎ?» አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የታመንኩ ሰው እውነት ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ማስረጃውን በገዛ እጄ ነቅዬው የለ። ከጥገናው ጀርባ መጋዘን ውስጥ ጅራቱ አሁንም እንዳለ ነገርኳትና አብሬያት ልሄድ ተነሣሁ። «እርስዎ አይመጡም» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ትዝ አለኝ።

ዘንጉ ላይ ያለው ጭረት ከካቻቢቴዋ ጫፍ ጋር ገጥሟል። ገና አልጨረሱም፤ ዘጠኝ ሰው ይጠይቃሉ። እኔ ቁልፌን አስረክቤያለሁ፤ የሚመጣብኝን እጠብቃለሁ። የሰሌዳውን ቦታ ግን አዲሱ ኃላፊ አልነካውም፤ ታርጋዬ እስከ ውሳኔው ትቆይ ብለዋል አሉ።

እናትሽ ዘንድ እስክደርስ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ልብስ ስትተኩስ አገኘኋትና ቆሜ ነገርኳት። ካውያውን አልነቀለችም፤ የምትተኩሰው የትራስ ጨርቅ ጫፉ ማረር ጀመረ፣ እኔ ነቀልኩት። «ሞላ ብሎ ጠየቀህ?» አለችኝ። «አዎ።» «ሞልቷል አልከው?» «አዎ።» አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምን አለበት ብዬ ተመኘሁ። ፍራሹን አንሥታ ፎቶውን አወጣች፣ በነጠላዋ ጠርጋ ሚስማሩ ላይ መለሰችው። ከዚያ ጫማዋን አደረገች።

«ተነሣ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ የተሻገርኩት በማን ምክንያት ነው?»

ሦስት በር ነው። ቆጠርኩት። እህቴ በሩን አንኳኳችና ወደ ጎን ቆመች፤ እኔ ፊት ለፊት ቀረሁ። የሠልጣኙ እናት ከፈተች። መጀመሪያ እህቴን አየችና በሩን መግፋት ጀመረች። እህቴ በሩን አልያዘችም። ሴትዮዋ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ?» አለችኝ።

«ልጅሽ የበረረበትን አውሮፕላን ዕቃ የቆጠርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አልሞላም ነበር።»

አጎትሽ